ሚጥሚጣ የገባባት የድመት ብልቃጥ

ባለቤቴ ሰርካዲስ ሣጥን አትጥልም። ይኼን ሳልናገር ስለ እሷ ሌላ ነገር መናገር አልችልም። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ፣ የእንስሳት በሽታ የሚመረመርበት ላብራቶሪ ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ ዕቃ ተቀባይ ሆና ሠርታለች። ዕቃው በደረቅ በረዶ ታጭቆ በወፍራም የፎም ሣጥን ይመጣል። እሷ ዕቃውን ፍሪዘር ታስገባለች፣ ሳይን ታደርጋለች፣ የሚጣለውን ሣጥን ደግሞ አስፈቅዳ ሂልቶፕ ሰፈር ቤታችን ድረስ ታመጣለች። ጋራዣችን መኪና ገብቶበት አያውቅም። «ምን ሊሆንሽ ነው?» ስላት «ለፋሲካ ታየዋለህ» ትላለች። እውነቷን ነው፤ የሰፈራችን ሐበሻ ቅርጫ ሲገባ ሥጋው የሚጫነው በሰርካዲስ ሣጥን ነው። እሷ ትመረቃለች፣ እኔ ክረምቱን ሙሉ ከመኪናዬ ላይ በረዶ እፍቃለሁ።

በፈረንጆቹ 2021 ስቅለት ዕለት ታዲያ አንድ ሣጥን ይዛ መጣችና ለስግደት እየሮጠች ወጣች። ኮሮና እኔን ከታክሲ ሥራ ካስወጣኝ ዓመት አልፎት ነበር። የሁለታችንም የጤና ኢንሹራንስ፣ የስኳር መድኃኒቴ ሳይቀር፣ የተንጠለጠለው በእሷ ሥራ ላይ ነው።

ቅዳሜ በሬው ተከፋፈለ። የእኛን መደብ ሣጥኑ ውስጥ ላደርግ ስል ከታች አንዲት የአውራ ጣት ታህል ብልቃጥ አገኘሁ። አረንጓዴ ክዳን ያላት፣ ጥብቅ ያለች፣ ውስጧ ባዶ። ለጥሬ ሥጋ ከዚህ የተሻለ የሚጥሚጣ መያዣ ከየት ይመጣል? ሞላኋት። አላጠብኳትም፤ ባዶ ነገር ምኑ ይታጠባል።

በፋሲካው ቀን፣ ምሳ ላይ እንዳለን፣ ዶክተር ሔዋን ደወለች፤ ሰርካዲስ እጇ ወጥ ስለነበር ስልኩን በስፒከር ከፈተችው። እዚሁ የተወለደች የሐበሻ ልጅ ናት፤ እዚያው ላብራቶሪ የድመት ሕመም ታጠናለች።

«እትዬ ሰርኬ፣ ሶሪ፣ በበዓል ዲስተርብ አደረግሁሽ። ዓርብ የመጣው ፕሮቲን ፍሪዘር ውስጥ የለም። ሦስት ወር ነው የጠበቅነው፤ ነገ ልንጀምር ነበር።»

«ምን ዓይነት ነው ልጄ?»

«ትንሽዬ ቲዩብ፣ ክዳኗ ግሪን። ባዶ ትመስላለች፣ ግን ታች እንደ አቧራ ነገር አላት። የድመት ፕሮቲን ናት፤ ሰውነት ሲቆጣና ሲያብጥ የምትታየው።»

ጉንጬ በሥጋ ተወጥሯል። ብልቃጧ ፊቴ ቆማለች። ሰርካዲስ ብልቃጧን አየች፣ እኔን አየች፣ ስልኩን ዘጋች። መዋጥም መትፋትም አቃተኝ። ኋላ ዋጥኩት።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንቺ ነሽ» ብዬ ጀመርኩ። ሁልጊዜም ቀድሜ የምጮኸው እኔ ነኝ። እሷ ግን ፊቷ አመድ መስሏል። «ሊያባርሩኝ ነው» አለች። ያኔ እኔም ክው አልኩ።

«ዕቃው አልመጣም በያት።»

«ሳይን አድርጌበታለሁ።»

«እንግዲያው ሣጥኑ ተቀዶ ነበር በያት።»

«አምሳሉ፣ ክርስቶስ በተነሣበት ቀን ነው የምታስዋሸኝ?»

ለሔዋን መልሳ ደወለችና «ላብራቶሪው በር ላይ ጠብቂን» አለቻት። እኔም ብሮድ ስትሪት የሚባለውን ረጅም መንገድ ይዤ ነዳሁ።

ሔዋን ማስኳን አድርጋ በር ላይ ጠበቀችን። ሰርካዲስ ብልቃጧን በሶፍት ጠቅልላ ሰጠቻትና «ለስግደት ቸኩዬ፣ ባዶ መስላኝ ሣጥኑ ውስጥ ተውኳት» አለቻት።

«ይኼ ቀዩስ?»

«ሚጥሚጣ ነው። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

በፋሲካ አልዋሽም ያለችው ሴት ለእኔ ሲሆን ዓይኗን በጨው አጥባ ዋሸች። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«እኔ ነኝ የጨመርኩት» አልኩ። «በልቼበታለሁም።»

«ጋሼ፣ በላኸው?» ሔዋን መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ ሳቋን አፍና መያዝ አቃታት። «ሆድህ የሚፈጨው ይመስለኛል፤ ግን ሐኪምህን ኮል አድርግ።»

«እሱን ተይው። ድመት በላሁ ወይ? ለንስሐ አባቴ ምን ብዬ ልናገር ነው?»

«ድመት የለበትም። የድመቷን የዘር ኮድ ለባክቴሪያ ይሰጡታል፣ ባክቴሪያው ይሠራዋል።»

ድመት የሌለበት የድመት ነገር። አልገባኝም፤ ግን ቀለል አለኝ።

ከዚያ ፎርም አመጣች። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚጻፍበት መስመር አለው። እስክሪብቶውን ከሰርካዲስ እጅ ነጠቅኩ።

«ጋሼ፣ አንተ እኮ እዚህ አትሠራም» አለችኝ ሔዋን ቀስ ብላ። «ፊርማህ አይሆንም።»

ሰርካዲስ ፈረመች።

ማክሰኞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይዛ ገባች። ሥራዋ አልተነካም፣ ሌላ ብልቃጥ ታዟል። እፎይ ብዬ ልስቅ ስል እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አሥራ አንድ ዓመት በስሜ አንድ ክፉ ወረቀት አልነበረም» አለች። አንጀቴን በላችው። ለሔዋን ተናዘዝኩ እንጂ ለእሷማ ምንም አላልኳትም። በሃያ ዓመት ትዳር አንድም ቀን «አጠፋሁ» ብያት አላውቅም።

«ሰርኬ፣ ጥፋቱ የእኔም ነው።»

«የእኔም?»

«የእኔ።»

እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች፣ ደብዳቤውን ወደ እኔ ገፋችና እስክሪብቶ ሰጠችኝ።

«በል ከስሜ ሥር ፈርም» አለች። «እዚህ ቤት ፊርማህ ይሆናል።»

ፈረምኩ።