የአበባው ማሰሮ ክብ

የመዋኛ ገንዳ አጥር መርማሪውን ሰፈርተኛው «ኳሱ» ይለዋል። ኪሱ ውስጥ ትንሽ ጠንካራ ኳስ ይይዛል፤ በአጥሩ ብረቶች መሃል ይሞክራታል። እሷ ካለፈች የሕፃን ጭንቅላት ያልፋልና አጥሩ እንደገና ይሠራል። «ኳሱ፣ ዛሬ ስንት አገባህ?» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም ፈገግ ብሎ ያልፋል። በሆዱ የያዘውን የምታውቅ እህቱ ብቻ ናት።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በያጅ ነበር። ለአንድ ሲሚንቶ ነጋዴ የገንዳ አጥር ሠራ፤ በሩ ሲለቁት በሞላ ተስቦ ራሱን የሚዘጋ። እህቱ እዚያው ቤት ልብስ ታጥብ ነበር። አንድ ቀን አንሶላ ስታሰጣ የአራት ዓመት ልጇ ሰጥማ ተገኘች። ፖሊስ ሲደርስ በሩ ዝግ ነው። ነጋዴውም «እናትየዋ ከፍታ ትታው ነው፤ አለዚያም የበያጁ ሞላ ላልቷል» አለ።

በያጁ ግን ከበሩ ሥር፣ ንጣፉ ላይ፣ እርጥብ ክብ አየ፤ ልክ የአበባ ማሰሮ ቂጥ የሚያክል። ማሰሮው ሦስት እርምጃ ርቆ ደረቅ ቦታ ተቀምጧል። በሩን ከፍቶ ይዞት የነበረው ማሰሮው ነው፤ ፖሊስ ሳይደርስ ነጋዴው አርቆታል። ቢናገር ማን ይስማው? ክቡ በፀሐይ ደረቀ። እሱን በር የሚያሠራው ጠፋ፤ እህቱም በጎረቤት አፍ «ልጇን ያስበላች» ሆና ቀረች።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ተምሮ መርማሪ ሆነና ጠበቀ። ነጋዴው አዲስ ቤት ሠርቶ፣ አዲስ ገንዳ ቆፍሮ ለፈቃድ ሲያመለክት ወረቀቱ እሱ ጠረጴዛ ላይ አረፈ።

መጀመሪያ ቀን ከፓምፑ ቤት ጀርባ ኳሷ አለፈች። በሁለተኛው መቀርቀሪያው ለልጅ እጅ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በሦስተኛው አጥሩ ሥር ልጅ ወጥቶ አጥሩን የሚሻገርበት አግዳሚ ወንበር ነበር። ሁሉም እውነት ነው፤ ደስታው ግን የራሱ ነበር። ነጋዴው አላወቀውም።

«ወንድሜ፣ ቅዳሜ የልጄ ሠርግ ነው። ካልፈቀድክ ግቢው ይታሸጋል። ምን ላድርግልህ?»

«አግዳሚውን ያንሱልኝ።»

«እሱን አላልኩም እኮ።»

«እኔ እሱን ነው ያልኩት፣ ጌታዬ።»

ዐርብ መጣ። መቶ አሥራ ሁለቱን ብረት አንድ በአንድ ሞከረ፤ ኳሷ አላለፈችም። በሩም ራሱን ዘጋ። ማኅተሙን አወጣ። አንዲት ጉድለት ልፍጠር? አለ በልቡ። ከፈጠርኩማ ከሱ በምን ተሻልኩ?

ይህን ሲያስብ ነጋዴው የሠርግ ወንበሮች ታቅፎ መጣ። ሁለት እጁ ስለተያዘ በሩን በትከሻው ከፈተና እንደ ልማዱ የአበባ ማሰሮ በእግሩ ገፍቶ አስደገፈው። ከኋላው የልጅ ልጁ ፊኛ እያባረረች ሮጠች። ፊኛው ውሃው ላይ አረፈ። መርማሪው ማኅተሙን ወርውሮ ሕፃኗን ከገንዳው ጠርዝ በቀሚሷ ጨብጦ መለሳት።

ነጋዴው ወንበሮቹን ጥሎ ወደ ማሰሮው አጎነበሰ።

«አይንኩት! አሁንም ሊያርቁት ነው? ያኔ ሦስት እርምጃ ነበር ያራቁት።»

ነጋዴው ቀና ብሎ ፊቱን አየ። «አንተ... በያጁ?»

«ነኝ። ‹ምን ላድርግልህ› ብለውኝ አልነበር? ቅጹ ላይ ‹የተከለከለበት ምክንያት› በሚለው ቦታ በእጅዎ ይጻፉልኝ። የዛሬውንም፣ የያኔውንም።»

የሕፃኗ እናት፣ የሙሽራዋ ታላቅ እህት፣ ከቤት ሮጣ ወጥታ ልጇን ደረቷ ላይ ለጠፈች። «አባዬ፣ ምንድን ነው የያኔው?» አለች። ቅጹን ከመርማሪው ተቀብላ ለአባቷ ዘረጋችለት። «ጻፍ!»

ጻፈ፦ «ዛሬ በሩን በማሰሮ የያዝኩት እኔ ነኝ። ያኔም እኔ ነበርኩ። እናትየዋ አልነበረችም።»

መርማሪው ወረቀቱን አጠፈና በሩ ላይ የማሸጊያውን ክር አሰረ።

«ጻፍኩልህ እኮ!»

«ጻፉ። እከፍትልዎታለሁ መቼ አልኩ?»

እህቱ ያመጣላትን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበች። አላለቀሰችም። ጫማዋን አጠለቀችና ያንን ስም ወዳወጣችላት ጎረቤት ሄደች። ሴቶቹ በረንዳው ላይ ተሰብስበው ነበር።

«እትዬ፣ መነጽሬን ረስቼ መጣሁ። እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አለቻት።

መነጽሯ ኪሷ ውስጥ ነበር።