አቶ ደምሴ የዳኑበት ቅጠል

ነገሩ የሆነው ሚሌኒየሙን ባከበርንበት ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ በጎንደር ቆላ፣ ከሽንፋ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የሰሊጥ እርሻ ነው። ዛሬም «በሳይንስ የተረጋገጠ» የሚል ቃል በሬዲዮ በሰማሁ ቁጥር መጀመሪያ ሳቄ ይመጣል፤ ቀጥሎ ንዴቴ።

ያን ጊዜ በሽንፋ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ከጣት ላይ ደም ጠብ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ወባ መፈለግ ነው። በቆላው ጥቅምት ላይ ወባ መፈለግ ደግሞ ብዙ አያደክምም፤ እሷው ትመጣለች።

አቶ ደምሴ የእርሻው ባለቤት ናቸው። ድሮ የግብርና ሠራተኛ ነበሩ፤ በኋላ ሥራውን ትተው መሬት ተመሩና ሰሊጥ አምራች ሆኑ። በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ነገር ይወዳሉ፤ ትራክተራቸውንና «ሳይንስ» የሚለውን ቃል። ዶሮ ብታስነጥስ ሳይንሳዊ ምክንያቱን ያስረዱሃል።

እኒህ ሰው አንድ ቀን ከሬዲዮ ወሬ ሰሙ። ቻይናዎች ከጥንት ጀምሮ ለትኩሳት የሚጠቀሙበትን አንድ ቅጠል ሳይንቲስቶቻቸው መርምረው ወባን እንደሚገድል አረጋግጠዋል የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። ቅጠሉ የአሪቲ ዘመድ ነው መባሉም እውነት ነው። አቶ ደምሴ ግን «ዘመድ» የምትለዋን ዘለሉና «አሪቲ» የምትለዋን ይዘው ቀሩ።

ወዲያው ከጎንደር አሪቲ በጆንያ አስመጡ። ያንን ለመዓዛው የምንወደውን ቅጠል በበርሜል አፍልተው ጠዋት ጠዋት፣ ከሥራ በፊት፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በጣሳ ያጠጡ ጀመር።

ሽንፋ ላይ ባገኘኋቸው ጊዜ ልመክራቸው ሞከርኩ።

«ቻይና ሲያዘጋጀው ሳይንስ፣ ደምሴ ሲያፈላው ጥንቆላ ነው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሲፈላ እኮ የዚያኛውም ቅጠል ኃይሉ ይጠፋል። ይሄኛው ደግሞ ዘመዱ እንጂ ራሱ አይደለም። ወንድሜ ቄስ ነው ብዬ እኔ ልቀድስ ብል ያስቀድሱኛል?»

«አንተ ገና ልጅ ነህ» ብለው ትራክተራቸው ላይ ወጡ።

እውነቱን ለመናገር፣ አቶ ደምሴን ያስጨነቃቸው ወባው አልነበረም። ሰሊጥ ደርሶ አፉን መክፈት ከጀመረ ሰው አይጠብቅም፤ ይረግፋል። አጫጆቻቸው ደግሞ ከወሎ፣ ከአንድ ቀበሌ የመጡ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከቤታቸው ሲነሱ አብረን ሄደን አብረን እንመለሳለን ብለው ይማማላሉ። አንዱ ሲታመም ብቻውን ሐኪም ቤት አይልኩትም፤ ሁሉም ማጭዳቸውን ጥለው ይከተሉታል። ለአንድ ሰው ትኩሳት እርሻው በሙሉ ይቆማል። አሪቲው የሚያክመው ይህንን በሽታ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ወባ ራሳቸውን አቶ ደምሴን ጎበኘቻቸው። በዚያ ሐሩር ጋቢ ተከናንበው፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ጤና ጣቢያ መጡ። ደማቸውን አየሁት፤ ወባው እንደ ሽንፋ ገበያ ተጋፍቶ ነበር። ነርሷ ቢጫውን የወባ ክኒን ሰጠቻቸው።

«ይሄ ክኒን ዋናው መድኃኒቱ ከዚያው ከቻይናው ቅጠል የወጣ ነው፤ ተጣርቶ፣ ተለክቶ» አልኳቸው።

እየተንቀጠቀጡም ፈገግ አሉ። «አላልኩህም?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መቼም እዚህ መምጣቴን ለሰው አታወራም።»

አላወራሁም። የታማሚ ምስጢር ምስጢር ነው። ክኒናቸውን በሥነ ሥርዓቱ ጨረሱ፤ ተመልሰው ሲመረመሩም ደማቸው ንጹሕ ሆነ።

ከዚያ በኋላ በየእርሻው እየዞርን ትኩሳት ያለባቸውን ሠራተኞች እንድናይ ተላክንና ለእኔ የአቶ ደምሴ እርሻ ደረሰኝ። ገና ከመድረሴ ሠራተኞቹን ሰበሰቧቸው። አቀባበሉ አስደስቶኝ ነበር፤ ምን እንዳሰቡ በኋላ ነው የገባኝ።

«ዶክተር፣ እስቲ በሰው ፊት ተናገር» አሉ። እዚያ አገር ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። «እኔ ደምሴ ደሜ ውስጥ ወባ አለ?»

«የለም፤ ግን…»

«ሰማችሁ!» ግን የምትለው ቃሌ አፌ ላይ ቀረች። «አሪቲው እንዳዳነኝ በላቦራቶሪ ተረጋገጠ! እንግዲህ ጣሳችሁን ያዙ።»

ሰዎቹ አጨበጨቡ። እኔ እውነት ተናግሬ፣ በገዛ እውነቴ ውሸት ሲረጋገጥ ቆሜ አየሁ። እንደዚያ ቀን በግኜ አላውቅም።

ሠራተኞቹ ጣሳቸውን ይዘው ሲሰለፉ፣ የታመመ ሰው ካለ ብዬ ወደ ማደሪያ ዳሳቸው ገባሁ። ሰይድ የሚባል ወጣት ጥግ ላይ ተኝቷል። ገላው እሳት ነው። በስሙ ብጠራው አንድ ቃል አይገጣጠምለትም፤ እናቱን «ከብቶቹን አስገቢ» እያለ ይጣራል። አጠገቡ የአገሩ ልጅ ይመር ተቀምጦ አሪቲውን በማንኪያ ሊያጠጣው ይታገላል።

ወባው ወደ አንጎሉ ወጥቷል። ያን ቀን መርፌ ካላገኘ እንደማያድር አውቄዋለሁ።

«አሁኑኑ እንውሰደው» አልኩት ይመርን።

«አብሽር ዶክተር፣ ሁለት ጣሳ ጠጥቷል። ጋሼም በዚሁ አይዶል የዳኑት?»

ምን ልበል? አቶ ደምሴ ክኒን ውጠዋል ብል የታማሚን ምስጢር አወጣሁ። ዝም ብል ሰይድ ሞተ። አቶ ደምሴ ደግሞ ተከትለውኝ የዳሱ በር ላይ ቆመዋል፤ ዓይናቸው አንዴ እኔ ላይ ነው፣ አንዴ አፉን የከፈተው ሰሊጥ ላይ።

ያኔ ንዴቴ ራሱ አንድ ሐሳብ ሰጠኝ።

«ጋሼ» አልኳቸው ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ «ያ ሳይንስ ያረጋገጠው የቻይና ቅጠል፣ ተጣርቶ ተለክቶ የሚሰጠው፣ ጤና ጣቢያ አለ ወይስ የለም? እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ይንገሯቸው።»

አቶ ደምሴ የለም ቢሉ ሳይንሳቸውን ካዱ፤ አለ ቢሉ ሠራተኛው ሊሄድ ነው። ከእኔም አፍ ሌላ ነገር ሊወጣ ይችላል ብለው ሳይፈሩ አልቀሩም።

«አለ» አሉ በመጨረሻ። «የተጣራው… አለ።»

ይመር ማንኪያውን አስቀምጦ ተነሣ። «የተጣራው ካለ እኛን አተላውን ለምን ያጠጡናል?»

ሰይድን አንሥተን የአቶ ደምሴ ትራክተር ተሳቢ ላይ አስተኛነው። ጓደኞቹም እንደ መሐላቸው ማጭዳቸውን ጥለው ተከተሉት። አቶ ደምሴ ብቻቸውን ከበርሜላቸውና ከሰሊጣቸው ጋር ቀሩ።

መንገዱን ሙሉ የሰይድን እጅ ይዤ «እባክህን እስክንደርስ ቆየኝ» ስለው ነበር። ቆየልኝ። ኩዊኒን በሚባለው የወባ መርፌ ተረፈ። መርፌው ጆሮውን ለጊዜው ስለደፈነበት ይመር «አልሐምዱሊላህ በል!» ብሎ ሲጮህበት «ደረቅ ዳቦ አልበላም!» ብሎ መለሰለት፤ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን ወጥቼ ከጤና ጣቢያው ጀርባ አለቀስኩ።

ከአቶ ደምሴ ሰሊጥ ጥቂት የማይባለው መሬት ላይ ረገፈ። እሳቸው ግን አልረገፉም። ወሬውን አሳምረው አዲስ አድርገውታል፤ «በቆላው የቻይናን መድኃኒት ቀድሜ የተረዳሁ እኔ ነኝ፤ አንዱን ልጅ በራሴ ትራክተር ልኬ አድኛለሁ» ይላሉ። ትራክተሩ የእሳቸው መሆኑ እንኳ እውነት ነው።

ሰይድ በዓመቱ ለአጨዳ ተመልሶ መጣ። አቶ ደምሴ ሠራተኛ ሊቀጥሩ ሽንፋ ላይ ቆመው ስለ አንድ አዲስ ሥር ጥቅም እያስረዱ ሳለ አጠገባቸው ደረሰ። እኔም እዚያው ሻሂ እየጠጣሁ ነበር። እጅ ነሥቶ፣ በአክብሮት፣ እንዲህ ሲል ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎን ያመመዎት ለታ የሚወስዱት የቱን ነው?»

ከዚያ ወዲህ ስንት ቅጠል፣ ስንት ሥር፣ ስንት ዱቄት «ተረጋግጧል» ሲባል ሰምቻለሁ። ቻይናዎቹን ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ቅጠላቸው ብዙ ሰዎችን አድኗል። አሪቲንም አልጠላም፤ መዓዛው ዛሬም ደስ ይለኛል። ጣሳ ለሚያቀብለኝ ሰው ግን ከሰይድ የተማርኩትን ጥያቄ ሳላቀርብ አልጠጣም። እስካሁን በቀጥታ የመለሰልኝ የለም።