የጌሾው እባጭ

ትናንት አዘዞ፣ ከልጄ ጓሮ ጌሾ ስንለቅም ምራቴ አንድ ቅርንጫፍ ይዛ ቆመች። ቅርንጫፉ ላይ ጣት የሚያህል እባጭ ወጥቶበታል፤ ከእባጩ በላይ ያለው ቅጠል ደርቋል።

«እማማ፣ ይኸ የሰው እጅ ነው» አለችኝ፣ የጎረቤቷን አጥር እያየች።

«ስም እንዳትጠሪ!»

እኔ ጠርቻለሁና።

ያኔ ልጅ እግር ነበርሁ፤ ቆላ ድባ አጠገብ ከወንድሜ ከዓለሙ ጋር እንኖር ነበር። አደይ በፈነዳ ሰሞን የምንተዳደርበት ጌሾ እያበጠ ይደርቅ ጀመር። ዓለሙ መተት ነው አለ። መተት የነካ ይሞታል ስለሚባል እባጩን የነካ አልነበረም። እኔም፣ «አያ ተሰማን ማለዳ ጌሿችን ሥር ቁጢጥ ብለው አይቻቸዋለሁ» አልሁ። አያ ተሰማ አጥር የሚለየን ሽማግሌ ጎረቤታችን ነበሩ። ምን እንደሚያደርጉ አልጠየቅኋቸውም።

ዓለሙ ዱላውን ይዞ ወጣ። ጤፍ ማሳቸው ዳር አገኛቸው። የመጀመሪያው ምት ራሳቸውን ፈነከታቸው። ሁለተኛውን በክንዳቸው ሲመክቱ አጥንቱ ጧ ብሎ ተሰበረ። ከወደቁም በኋላ ረገጣቸው። ከዚያ እየጎተተ እኛ ጓሮ አመጣቸውና መጥረቢያ አነሳ።

«ያስገባኸውን አውጣ!»

«ምነው ዓለሙ፣ የኔም ጌሾ አብጧል» አሉ ደም እየተፉ። «ማለዳ የመጣሁት ያንተም አብጦ እንደሆን ለማየት ነው። ሰንጥቀህ እየው። መተት ካለበት አንገቴ ያውልህ።»

«መተት በእጄ ልነካልህ? ሞኝህን ፈልግ!»

መጥረቢያው ሽቅብ ወጣ። በስመ አብ ብዬ አንዱን እባጭ በማጭድ ሰነጠቅሁት። ምስር የምታህል ጥቁር ጢንዚዛ ወጥታ አውራ ጣቴ ላይ ሄደች።

«እሱ ነው የከተታት!» አለ ወንድሜ።

ሌላ ሰነጠቅሁ። ሌላም። ስቸኩል ጣቴን ቆረጥሁት። በየእባጩ ያችው ጢንዚዛ አለች። አጥሩን ዘልዬ ከአያ ተሰማ ጌሾ አንድ ቅርንጫፍ ሰብሬ አመጣሁና ወንድሜ ፊት ሰነጠቅሁት። እዚያም አለች።

«ሰው በራሱ ጌሾ ላይ መተት ያስደግማል?» አልሁት።

መጥረቢያው ከእጁ ወደቀ።

አያ ተሰማ ተረፉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ክንዳቸው ግን እንደደረቀ ቀረ። በእርቁ ቀን ወንድሜ ድንጋይ ተሸክሞ እግራቸው ላይ ወደቀ። እኔን ማንም ድንጋይ አላሸከመኝም። የበኩር ልጄን ክርስትና ያነሱልኝ እሳቸው ናቸው፣ በአንድ እጃቸው አቅፈው። ይኸ ጓሮ የዚያ ልጅ ነው።

ምራቴን ቢላ አስመጣኋት። እባጩን ስሰነጥቀው ጢንዚዛዋ እግሯን ዘርግታ ወጣች።

«ጎረቤትሽን ጥሪያት» አልኳት። «የሷም አብጦ ይሆናል።»