አንድ ዓይኗን ስትሸፍን

ሴትየዋ የዩኒፎርም ሸሚዝ በሚሰፋበት ቤት አንገትጌ ሰፊ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአንገትጌ ሌላ ሰፍታ አታውቅም። ባልደረቦቿ «ሙሉ ሸሚዝ ቢሰጧት እጅጌው የት እንደሚገባ ይጠፋታል» እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

የስምንት ዓመት ልጇን ከቅጥነቷ የተነሳ ድንቢጥ ይሏታል። አንድ ጠዋት ድንቢጥ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ እንደቆመች ወደቀች። ቀኝ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቀለ። ሐኪም ቤት «የሚጥል በሽታ ነው» ብለው ሽሮፕ ሰጧት። እናትየው ጠዋትና ማታ እየለካች አጠጣቻት። የእናትየው እህት በስልክ ስታለቅስ «አይዞሽ» ያለቻት እሷው ነበረች። ውስጧ ግን ምንም ስሜት አልነበረም።

በስድስተኛው ሳምንት ድንቢጥ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ከደነች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«በዚህኛው ሳይ ጭጋግ ነው፣ እማ። ቀዩ እርሳስ ቡኒ ይመስላል። ዓይኔን ሳዞረውም ያመኛል።»

ፈቃድ ሳትጠይቅ፣ እንደማትመጣ ብቻ አስነግራ ከሥራ ቀረች፤ ልጇን ይዛ በዚያው ቀን ትልቁ ሆስፒታል ገባች። ድንቢጥ የጭንቅላት ኤምአርአይ ተነሳች፣ ደሟም ተቀዳ። የልጆች ነርቭ ሐኪሟ ውጤቱን ይዛ እናትየው አጠገብ ተቀመጠች።

«የሰውነቷ መከላከያ ተሳስቶ የራሷን ነርቭ ሽፋን እያጠቃ ነው። አንዳንድ ልጆች ላይ ቀድሞ የሚታየው መንቀጥቀጡ ነው።»

«ያኔ ማወቅ ይቻል ነበር፣ ዶክተር?»

«ያኔ የታየው መንቀጥቀጡ ብቻ ነው። አሁን ቶሎ ማምጣትዎ ነው የጠቀማት።»

ራሷን ነቀነቀች። ስለ ሌላ ሰው ልጅ ሲወራ የምትሰማ ያህል ነበር።

ለድንቢጥ አምስት ቀን በደም ሥሯ መድኃኒት ተሰጣት። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፤ ድንቢጥ የራሷን ጨርሳ የእናቷንም ራት በላች። በአራተኛው ቀን ቀዩን እርሳስ ቀይ አለችው። እናትየው «ጎሽ» አለችና አንሶላውን አስተካከለች።

ወደ ሥራ ስትመለስ «አንቺ ብረት ነሽ» አሏት። አንገትጌዋን አንስታ መስፋት ጀመረች።

ከሦስት ወር በኋላ ለክትትል ሄዱ። የድንቢጥ ዓይን ወደ ቀድሞው ተመልሷል፤ በሽታው ግን ሊያገረሽ ስለሚችል አሁን በአፍ የምትወስደው መድኃኒት በአንዴ አይቆምም። እናትየው ከወንበሯ ሳትነሳ ጠየቀች፦

«ዶክተር፣ እኔ እስካሁን አላለቀስኩም። ደህና ነኝ?»

«ይመጣ ይሆናል። ባይመጣም ለልጅዎ አንድም ነገር አላጎደሉባትም።»

አመስግና ወጣች። ድንቢጥ እጇን ለቃ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። እናትየው መደገፊያውን ይዛ ቀስ ብላ ተከተለቻት።