«ድንጋይ ነው» የተባለልኝ ጥርስ

ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል የምንሠራ ሴቶች ክር የምንቆርጠው በጥርሳችን ነበር። መቀስ ተሰጥቶናል፤ ግን መቀሱን ከኪስ እስክናወጣ ማሽኑ ስለማይጠብቀን ጥርስ ይቀድማል። እኔም አንድ ቀን እንዲሁ ስቆርጥ የፊት ጥርሴ ግማሹ ተሸረፈ።

ደሴ ወጥቼ አስሞላሁት። ሐኪሙ ስልክ እያወራ ነጩን መሙያ ባንዴ ጠቅጥቆ ለጠፈውና ማድረቂያውን ሰማያዊ መብራት ለአፍታ አበራበት። «አብሽሪ፣ ድንጋይ ነው» አለኝ። እኔ ሞኝ አመስግኜው ወጣሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መቀሴን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው የሠራሁት፤ ክር በጥርሴ አልነካሁም።

ወር ሳይሞላ ቢጫ ሆነ፣ ጠርዙ ተበላ፣ አንድ ጠዋት ቁርስ ስበላ ተገምሶ ወደቀ። ቁራጩን በወረቀት ጠቅልዬ ተመለስኩ። በሩን እንኳ ሳይዘጋ፣ ተራ የሚጠብቁት እየሰሙ፣ «እናንተ የፋብሪካ ልጆች ጥርሳችሁን መቀስ እያደረጋችሁ እኔ ምን ላድርግ?» አለ። ሰዉ ሳቀ። የሳቁትን ይቅር ብያለሁ። እሱን ግን ወላሂ አላልኩም።

ኮምቦልቻ ያገኘኋት ሐኪም የቀረውን በመርፌ ስትነካው ተጫረ። «ላዩ ደርቋል፤ ውስጡ ሊጥ ነው» አለችኝ። እሷ በስሱ እየደረበች፣ አንዱን በመብራት አድርቃ ሌላውን እየጨመረች ሞላችልኝ። «ይኼም ቢሆን በምራቅና በማኘክ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በየዓመቱ እየመጣሽ አሳዪኝ» አለችኝ። አንድም ዓመት አልቀረሁም፤ የጥርሱ ነገር ብቻ ሳይሆን ቂሜም ነበር የሚያመላልሰኝ።

በስድስተኛው ዓመት ደሴ ሄጄ የዚያ ሐኪም ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ያን ቀንም በሩ ክፍት ነበር፤ አግዳሚው በሰው ሞልቷል። በመስታወቱ አየና «ስንት ጊዜ ሆነው?» አለኝ።

«ስድስት ዓመት።»

«ማሻአላህ፣ አሁንም ጠንካራ ነው። ጎበዝ ሐኪም ነው የሠራልሽ።»

አላወቀኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። «ዶክተር» ማለቱን ትቼ «አንተ» አልኩት፣ ውጭ እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «ከሷ በፊት የሞላኸው አንተ ነህ፤ ወር አልቆየም። ባንዴ ለጥፈህ መብራቱን ሳታቆይበት ሸኘኸኝ። ስመለስ መሳቂያ አደረግኸኝ።»

ከአግዳሚው አንዲት ሴት ነጠላዋን አስተካክላ ተነስታ ወጣች። ሁለት ሰዎች ተከተሏት። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ሐኪሙ መስታወቱን አስቀምጦ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «እህቴ፣ ያኔ ጀማሪ ነበርኩ፤ አጥፍቻለሁ» አለኝ በሹክሹክታ።

«ይህን ያን ቀን ብትለኝ ዛሬ አልመጣም ነበር» አልኩትና በሩን ክፍት እንደሆነ ትቼው ወጣሁ።