ኔትወርክ ጠፍቶ ሶፊ የሄድን ቀን

ትናንት በፈረስ መጋላ ሳልፍ ቀና ብዬ አየሁ... ድሮ እኔና ነቢል ዜና የምንሠራባት ክፍል የሴቶች ፀጉር ቤት ሆናለች። በረንዳው ላይ ፎጣ ተሰጥቷል። ቆሜ ቀረሁ።

ያኔ የከተማውን ዜና የምናወጣበት የፌስቡክ ገጽ ነበረን። ከጀርባችን ማንም የለም፣ ሁለታችን ብቻ ነን። ነቢል የጀጎል ልጅ ነው፣ ፎቶ ያነሳል። እኔ ከግንቡ ውጪ ያደግኩ ሴት ነኝ፣ እጽፋለሁ። ዛሬ ውሃ ለየትኛው ሰፈር እንደሚለቀቅ፣ መብራት የት እንደጠፋ፣ ማን እንዳረፈ፣ የማን ፍየል እንደጠፋች... ይኸው ነበር ዜናችን። ግን ከተማው ያነበን ነበር። ውሃ ይመጣል ብለን ከቀረ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ይወቅሰናል፣ ቧንቧውን እኛ የዘጋነው ይመስል።

ከአንባቢዎቻችን አንዱ ጭራሽ አይለቀንም ነበር። ስሙን «የኤረር ልጅ» ያለ፣ በራሱ ፎቶ ፈንታ አበባ የለጠፈ። ምንም ብንጽፍ ኮመንት ላይ ይመጣል። ፊደል ሳታችሁ ይላል፣ ይሄም ዜና ሆኖ ይላል። ነቢል «ሥራ የፈታ ጎረምሳ ነው» ይል ነበር። እኔ ደግሞ የሚከታተለን ካድሬ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ኢንተርኔትም ስልክም ተቋረጠ። አገሩ ሰላም ባጣበት በዚያ ሰሞን መቋረጡ አዲስ አልነበረም፤ ይሄኛው ግን ሰነበተ። እኛም ልማድ ሆኖብን ክፍሏን እየከፈትን እንቀመጣለን።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ኮፍያ ያደረጉ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ አዛውንት ናቸው። ደረጃው አድክሟቸው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። ነቢል ወንበር ሰጣቸው። ሐጂ ዩሱፍ እንደሚባሉ፣ ከግንቡ በሮች በአንዱ፣ ኤረር በር አካባቢ ጨርቅ እንደሚሸጡ ነገሩን። ትንሽ አረፍ ብለው «የኤረር ልጅ እኔ ነኝ» አሉ።

ከነቢል ጋር ተያየን። ሳቃችን ሊያመልጠን ነበር... ፊታቸው ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ከጠዋት ጀምሮ ገበያው ውስጥ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሶፊ ተቃጠለ የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። ጭሱን በዓይኔ አየሁ የሚለው ብዙ ነው። አንዱ ቤት ነደደ ይላል፣ ሌላው ሰው አለቀ ይላል። የሐጂ ልጅ ፈቲያ ደግሞ ሶፊ ነው ያገባችው። ባሏ ጫት አብቃይ ነው፣ እሷ ነፍሰ ጡር ናት። ስልክ ቢሞክሩ አይሠራም።

ለምን ራስዎ አልሄዱም ብለን አልጠየቅናቸውም። እሳቸው ግን ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ነገሩን። ከዚያ መልሰው...

«ውሸቴን ነው ልጄ፣ እግሬስ ይሄዳል። ዓይኔ ነው የሚያየውን ፈርቶ እምቢ ያለው። እናንተ ዜና ሠሪዎች ናችሁ፣ አጣሩልኝ።»

ወጣን። ባጃጆቹ ሶፊ ስንላቸው ጥለውን ይነዳሉ። አንዱ ነቢልን ስለሚያውቀው ብቻ ጫነን፤ እሱም መንገድ ላይ አቁሞ ከዚህ አላልፍም አለ። በእግራችን ቀጠልን። እናቴ ብትሰማ ከቤት አታስወጣኝም ነበር። ከፊታችን ጭስ ይታያል... እውነት ነበር።

ስንቀርብ የሚጨሰው የማሽላ አገዳ ክምር ሆኖ አገኘነው። የክምሩ ባለቤት ማሳውን ሊያጸዳ ቆሻሻ ሲያቃጥል ነፋስ እሳቱን ወስዶ ክምሩ ላይ ጣለበት። ጎረቤቱ ተሰብስቦ አፈር ያለብሳል። ከዚያ ሁሉ የገበያ ወሬ ውስጥ እውነቱ ይቺው ነበረች።

ፈቲያን ጠይቀን ደረስንባት። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጫት ታስራለች። ከአባትሽ ጋ ነው የመጣነው ስንላት የያዘችው ከእጇ ወደቀ... ለካ የአባቷን መርዶ ይዘን የመጣን መስሏት ነው! ነቢል በኦሮምኛም በአማርኛም እየቀላቀለ ደህና መሆናቸውን እስኪያስረዳት ድረስ አላመነችንም። ከዚያ እያለቀሰች መሳቅ ጀመረች። ነቢል እንደዚያው እንዳለች ፎቶ አነሳት። ሰው ከሚልክ ራሱ ይምጣ በሉት አለችን።

ስንመለስ ሐጂ እዚያው ወንበር ላይ ናቸው። ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው። እኔ እንደ ልማዴ ከሩቁ ጀመርኩ። ባጃጁ መንገድ ላይ እንዳወረደን፣ በእግራችን እንደቀጠልን...

«ልጄ» አሉኝ ድምፃቸው ቀጥኖ፣ «ዋናውን አስቀድሚልኝ። አለች?»

«አለች።»

ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ደግመው ደጋገሙት። ነቢል ወደ መስኮቱ ዞረ። ፎቶውን ሲያሳያቸው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ አርቀው፣ እንደገና አስጠግተው አዩት። ከዚያ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተው ተመቻችተው ተቀመጡና «አሁን ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አሉኝ።

አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። እሳቸው ደግሞ ወደ ቤት ሲመለሱ በየሱቁ እየቆሙ እያወሩ ነው የሄዱት። ሳይመሽ ኤረር በር ተረጋጋ።

ነቢል አግብቶ ድሬዳዋ ገባ፣ ገጹንም ከዘጋነው ቆየ። ከተማው ሁሉ ሼር ያደረጋቸው ዜናዎች ነበሩን፤ ዛሬ አንዱንም በቅጡ አላስታውስም።

የሠራሁት ምርጥ ዜና አንዲት ቃል ነበረች... እሷም ፖስት አልተደረገችም።