ዳዊት ውስጥ የቀረው ካርድ

የባለቤቴ አርባ ከወጣ በኋላ ወረቀቶቹን ሳገላብጥ አንድ የተጣጠፈ ካርድ እጄ ገባ። ፎቶግራፉ ላይ ያለችው ቀጭን ልጅ እኔ ነኝ። የት እንደጠፋብኝ ሳላውቅ ስንት ዓመት ሆኖኛል፤ ለካ እሱ ጋ ኖሯል። ጠርዙን ስዳስሰው የዚያ አውቶቡስ ሽታ፣ ናፍጣና ለጋ ቅቤ፣ አፍንጫዬ ላይ መጣ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ላሊበላ ቤት ተከራይቼ ነበር የምማረው። ፈተናው በማግስቱ ሊጀመር ነው፤ ብልባላ ወላጆቼ ዘንድ ሄጄ ስንቄን ይዤ ወደ ላሊበላ እየተመለስኩ ነበር። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ቆሜያለሁ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ያቀፈችው የቅቤ ቅል ይንጠባጠባል። ያለ ካርድ ማንም እንደማይፈተን ደጋግመው ነግረውናል። በእጄ የያዝኩትን የፈተና ካርዴን ቅቤው እንዳይነካብኝ ፈራሁና ወንበር ላይ ለተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቄስ ሰጠኋቸው።

«አባቴ፣ እባክዎ ዳዊትዎ ውስጥ ያኑሩልኝ። ይባረክልኛልም።»

«እሱ ይግለጥልሽ ልጄ» ብለው ከገጾቹ መሃል ከተቱት።

መንገድ አጋማሽ ላይ ቄሱ ወረዱ። እንደ ወጉ ሁላችንም መስቀል ተሳለምን፤ እኔማ ሁለቴ ተሳለምኩ። ጥቁር ጥላቸውን ዘርግተው ዳገቱን ሲጀምሩ፣ እኔ ደስ ብሎኝ የለቀቁት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ጥምዝ ከዞርን በኋላ ነው «ካርዴ!» ብዬ የጮህኩት።

ሹፌሩ አቆመ። «እዚህ ገደል አፋፍ ላይ ላዙርልሽ? በቅሎ መሰለሽ እንዴ?»

«መስቀል ስትሳለሚ ልብሽ የት ነበር?» አለች ባለ ቅቤዋ።

ጥላው ከሸለቆው ማዶ እንደ ጉንዳን አንሶ ይታያል። ዳገቱን ጨርሶ ከተሻገረ የቄሱን አገር የሚያውቅ የለም፤ ፈተናው ደግሞ ጠዋት ነው። ከአውቶቡሱ ወርጄ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ያኔ ብልባላ የተመደበ አንድ ጀማሪ መምህር ከኋላ ወንበር ተነስቶ ወረደ። አፋፉ ላይ ቆሞ እጆቹን አፉ ላይ አደረገ። በእኛ አገር እግር ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን ሸለቆ ወሬ በአፍ ይሻገረዋል።

«ኧረ አንተ ማዶ የምታርሰው! ሆይ!»

በሬዎቹ ቆሙ። «አቤት!»

«ባለ ጥላውን ቄስ መልስልን! ዳዊታቸው ውስጥ የልጅ ካርድ አለ! የፈተና!»

ነፋሱ ድምፁን ይበላበታል። ደገመው፣ ሰለሰው። ገበሬው ዞሮ ከበላዩ ላለች እንጨት ለቃሚ ጮኸላት፤ እሷም ወደ ላይ አሻገረችው። ተሳፋሪው በሙሉ ወርዶ አንገቱን አስግጓል። ዝናብ ያጠበው ተራራ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር።

ጥላው ቆመ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወደ ታች መውረድ ጀመረ።

ሴቶቹ እልል አሉ። ሹፌሩ እንኳ ሞተሩን አጥፍቶ ሳቀ። ቄሱ በአቋራጭ መጥተው እያለከለኩ ካርዱን ሲሰጡኝ «በስተርጅና ማትሪክ ልታስፈትኚኝ ነበር!» አሉኝ። ጉልበታቸውን ስሜ አለቀስኩ። እንደዚያ ቀን እፎይ ብዬ አላውቅም።

መኪናው ውስጥ መምህሩን ስሙን ጠየቅሁት። ድምፁ ሙልጭ ብሎ ጠፍቶ፣ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቀሰ። ባለ ቅቤዋ «ይኸው፣ ሰውዬውን ዱዳ አደረግሽው!» ብላ ከቅሏ ቀንሳ ቅቤ አላሰችው።

ከዚያ በኋላ ሃያ ስምንት ዓመት በትዳር ኖርን። በተጣላን ቁጥር «ለአንቺ ስል ያጣሁትን ድምፅ መልሺ» ይለኝ ነበር።

መጨረሻ ላይ ሕመሙ ከጉሮሮው ጀመረ፤ ድምፁም እየደከመ ሄደ። ማድ ቤት ሆኜ ሲጠራኝ የማልሰማው ስለመሰለኝ ፍራሼን ከአልጋው ሥር አነጠፍኩ። ሌላው ቢቀር ጠርቶኝ ሳልሰማው እንዳይቀር ነበር ፍርሃቴ። አንድ ጠዋት ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቼ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ስሜን ነበር።

«አቤት» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል አልፈለገም። ዓይኑን ጨፍኖ እጄን ያዘ፤ እኔም እስኪለቀኝ ድረስ ከአጠገቡ አልተነሳሁም።